እርዱ ወጥ ውስጥ ይቆይ፦ «ይህ ተክል የመርሳት በሽታን ያቆማል» ሲሏችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አክስቴ ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ ስትመጣ ለእናቴ ሦስት ብልቃጥ እንክብል ይዛ መጣች። ብልቃጡ ላይ ቢጫ ሥር ተስሎበታል። እርድ ነው። «አንጎል ውስጥ የሚቋጠረውን ፕሮቲን ይፈታል፤ እኛ ጋ ትልልቆቹ ሁሉ ይወስዱታል» አለችን። እናቴ ያኔ የጎረቤት ስም ይጠፋባት ጀምሯል። ሽሮ ጥዳ ትረሳለች። አንድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራቴ ትጠይቃለች። አክስቴ በፍቅር ያመጣችው ነው፤ እኔም በደስታ ነው የተቀበልኩት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እያልኩ እሰጣት ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ስትፍቅ አየኋት። የመፋቂያው ጫፍ ቀልቷል። «ድዴ ነው፣ ምንም አይደል» አለችኝ። ክንዷን ገለጥ ሳደርገው ማንም ያልነካት ቦታ ላይ በልዟል። እናቴ ለልቧ ዋርፋሪን ትወስዳለች፣ የደም ማቅጠኛውን። ብልቃጡን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ፋርማሲ ሮጥኩ። ፋርማሲስቷ ጽሑፉን አንብባ ሳትጨርስ «ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» አለችኝ። ያንን ጥያቄ የመጀመሪያውን እንክብል ከመስጠቴ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የዚያኑ ቀን ደሟ ተመረመረ፤ ከሚገባው በላይ ቀጥኗል። እንክብሉ ቆመ፣ የዋርፋሪኑን ነገር ሐኪሙ አስተካከለው፣ እሷም ደህና ሆነች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዕፅዋትና ስለ አንጎል ፕሮቲን እጄ የገባውን ሁሉ አነበብኩ። ነገሩ ጭራሽ ውሸት ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። እርድ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ቡና፣ የጥብስ ቅጠል ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ፕሮቲን እንዳይቋጠር ሲያደርጉ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ግን ከቤተ ሙከራው እስከ እናቴ አንጎል ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ብልቃጥ የሚሸጡት ሰዎች ደግሞ መንገዱን ዘለውት ነው የሚነግሩን። ስለዚህ ወሬውን እንዴት እንደምትመዝኑ፣ ወጥ ቤት ያለውን እንዴት እንደምትጠቀሙበት፣ ብልቃጥ ሲመጣላችሁም ምን እንደምታደርጉ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ የሚቋጠረው ምንድን ነው?

ፕሮቲን እንደ ፈትል አስቡት። ሰውነታችን ፈትሉን ያወጣና እንደየሥራው ይጠቀልለዋል። በትክክል ከተጠቀለለ ይሠራል። አንዳንዴ ግን አጠቃለሉ ይበላሽና ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ይሆናል፤ ከሌላው ጋር ይተበተባል። አልዛይመር በሚባለው የመርሳት በሽታ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ አሚሎይድ ቤታ ከነርቭ ሴሎች ውጭ ይከማቻል፣ ታው ደግሞ ሴሉ ውስጥ ይተበተባል። ፓርኪንሰን በሚባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ የሚቋጠረው አልፋ ሳይኑክሊን የሚባለው ነው። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1906 ቱቢንገን ላይ የአንዲት ታካሚውን አንጎል ሲያስረዳ የተናገረው ስለነዚሁ ክምችቶችና ትብትቦች ነበር።

ዋናው ነገር ግን እርሾው ነው። የተበላሸው ፕሮቲን አጠገቡ ያለውን ደህናውን ወደ ራሱ መልክ ይስበዋል። ሊጥ ላይ ትንሽ እርሾ ጠብ ስታደርጉ ሌላው ሁሉ ተከትሎ እንደሚነሣው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ከዕፅዋት የሚፈልጉት ይህን እርሾ የሚያከሽፍ ነገር ነው። አሁን አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። በአልዛይመር ክምችቱ የሚጀምረው ሰው መርሳት ከመጀመሩ 15 ወይም 20 ዓመት ቀድሞ ነው። እናታችን ስማችንን ስትረሳ ሊጡ ተነሥቶ አልቋል። እርሾ የሚያከሽፍ ነገር ያኔ ብንሰጣት የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ቢሆን አይግረማችሁ።

ወሬው ሲደርሳችሁ፦ የተሞከረው የት ነው?

«ተክሉ የመርሳት በሽታን አቆመ» የሚል ነገር ስልካችሁ ላይ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን። መስታወት ቱቦ ውስጥ? አይጥ ላይ? ሰው ላይ? ካልተነገራችሁ ቱቦ ውስጥ ነው ብላችሁ ያዙት።

የቱቦው ሙከራ እንዲህ ነው። ንጹሕ አሚሎይድ ቤታ በፈሳሽ ውስጥ ይደረጋል፤ ቲዮፍላቪን ቲ የሚባል ቢጫ ቀለም ይጨመርበታል። ፕሮቲኑ ሲቋጠር ቀለሙ ቋጠሮው ላይ ተጣብቆ ያበራል። ብርሃኑ ጨመረ ማለት ቋጠሮው በዛ ማለት ነው። አሁን ከእርድ የወጣ ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር ጨምሩበት። ብርሃኑ ይወርዳል። «አቆመው!» ይባላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ኩርኩሚን ራሱ ቢጫ ነው፣ ብርሃን ይመጥጣል፣ ራሱም ያበራል። ታዲያ ቋጠሮው ቀንሶ ነው ወይስ ኩርኩሚኑ መብራቱን ጋርዶት? ጠንቃቃ ተመራማሪ ይህን ስለሚያውቅ በሌላ መንገድ ደግሞ ያያል። የማይጠነቀቀው ግን ዜና ይሠራበታል።

የኩርኩሚንን ጠባይ ለማየት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልጋችሁም። አልጫ ነጠላችሁ ላይ ጠብ ብሎባችሁ ያውቃል? ሳሙና ስታስነኩት ቢጫው ይቀላል። ብታሹት አይለቅም። ተስፋ ቆርጣችሁ ፀሐይ ላይ ስታሰጡት ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። ያቺ እድፍ ሙሉውን ታሪክ ትነግራችኋለች። ኩርኩሚን ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይጣበቃል፤ ለዚህ ነው ቤተ ሙከራ ውስጥ የማያቆመው በሽታ የሌለ የሚመስለው። እንደ ሳሙና ያለ ነገር ሲነካው ይለወጣል። ቶሎም ይፈርሳል፦ አሲድነቱ ከደማችን ጋር በሚቀራረብ ፈሳሽ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ አብዛኛው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበታተናል። በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች የኩርኩሚንን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ ከ120 በላይ በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሉ ቆጥረው፣ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ እንክብል ጋር በደንብ ተነጻጽሮ ስኬታማ የሆነ አንድም እንዳላገኙ ጽፈዋል።

ይህ ማለት ግን ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። በ2005 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የነበሩ ተመራማሪዎች ኩርኩሚን አሚሎይድን በቱቦም በአይጥ አንጎልም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እውነተኛ ሥራ ነው። አይጥ ግን እናቴ አይደለችም።

ቀጥሎ፣ ስንት ነው የተሰጠው?

ይህኛው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያድናችኋል። በ2012 የወጣ ጥናት ቀላልና መካከለኛ አልዛይመር ላለባቸው 36 ሰዎች በቀን 2 ወይም 4 ግራም ኩርኩሚን፣ ወይም ባዶ እንክብል ለ24 ሳምንት ሰጠ። ልዩነት አልታየም። ደማቸው ውስጥ የተገኘው ኩርኩሚንም ኢምንት ነበር።

አሁን ወደ ድስታችን እንምጣ። እርድ ሁሉ ኩርኩሚን አይደለም፤ ከ100 ግራም እርድ ኩርኩሚኑ 3 ግራም ቢሆን ነው። 2 ግራም ኩርኩሚን ለማግኘት በቀን ከ60 ግራም በላይ እርድ መብላት ሊኖርባችሁ ነው፤ ከ20 የሻይ ማንኪያ በላይ። አልጫ ላይ የምንጨምረው ደግሞ ለቤተሰብ ሙሉ አንድ ማንኪያ ነው። ስለዚህ «እርድ ብሉ፣ አንጎላችሁ ይጸዳል» የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ሌላ መጠን ነው።

ሻጮቹም ይህን ስለሚያውቁ ቁንዶ በርበሬ ይጨምሩበታል። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ፒፐሪን አለ። በ1998 በወጣ ጥናት 20 ሚሊግራም ፒፐሪን ከ2 ግራም ኩርኩሚን ጋር ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው ኩርኩሚን በ2,000 በመቶ ጨምሯል። በጣም ብዙ ይመስላል። ግን መነሻው ኢምንት ስለነበር ሃያ እጥፍ ሲሆንም ብዙ አይደለም። ደግሞ ፒፐሪን በሩን ለኩርኩሚን ብቻ አይከፍትም፤ ጉበትና አንጀት መድኃኒት የሚሰባብሩበትን መንገድ ስለሚያዘገይ እንደ ፌኒቶይን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) እና ፕሮፕራኖሎል (የልብና የደም ግፊት መድኃኒት) ያሉትንም በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርጋቸው ይችላል። የእናቴ እንክብል ጀርባ ላይ ፒፐሪን ተጽፎ ነበር፤ በጣም በትንንሽ ፊደል።

ለእውነት ያህል በጎውንም ልንገራችሁ። በ2018 እዚያው ሎስ አንጀለስ 40 ሰዎች፣ የመርሳት በሽታ ያልያዛቸው፣ በቀላሉ ወደ ደም እንዲገባ ተደርጎ የተዘጋጀ ኩርኩሚን 90 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ18 ወር ወስደው፣ ወይም ባዶ እንክብል ወስደው፣ የኩርኩሚኖቹ የማስታወስ ፈተና ውጤት ተሻሽሏል። ደስ ይላል። ግን 40 ሰው ትንሽ ነው፤ ያልታመሙም ነበሩ።

አረንጓዴ ሻይ ላይም ታሪኩ ያው ነው፣ እንዲያውም ይበልጥ ያሳዝናል። ኢጂሲጂ የሚባለው የአረንጓዴ ሻይ ንጥረ ነገር በቱቦ ውስጥ አስደናቂ ነው። በ2008 በርሊን ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አሚሎይድ ቤታንና አልፋ ሳይኑክሊንን ይዞ ወደማይጎዳ መልክ እንደሚመራቸው አሳዩ፤ ልቃቂቱ ሳይተበተብ በፊት ወደ ሌላ መንገድ ይወስደዋል ማለት ነው። ሁሉም ተስፋ አደረገ። ከዚያ ጀርመን ውስጥ 92 ታካሚዎች ላይ ለ48 ሳምንት ተሞከረ፤ በሽታቸው አልፋ ሳይኑክሊን የሚከማችበትና ከፓርኪንሰን የሚከፋ ዓይነት ነበር። ውጤቱ በ2019 ሲወጣ በሽታውን አላዘገየውም። ሁለት ሰዎች ጉበታቸው ተነክቶ ማቆም ነበረባቸው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2018 በተጨማሪ እንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ መውሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት እንደሚያሳይ አስታውቋል። ስኒ ሻይ ይህን አያደርግም። እንክብሉ ነው።

ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ሬስቬራትሮል የሚባል ንጥረ ነገርም ተሞክሯል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የመራው ጥናት 119 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ፤ በመጨረሻ በቀን የወሰዱት 2 ግራም ደርሶ ነበር። ያንን ከወይን ላግኝ የሚል በቀን ወደ 1,000 ጠርሙስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ለአንጎል ይጠቅማል» ብሎ ወይን የሚቀዳላችሁን ሰው አመስግናችሁ እምቢ በሉት። ጊንኮ የሚባለው የዛፍ ቅጠልም ያው ነው፤ ከ3,000 በላይ አረጋውያንን ለስድስት ዓመት ያህል ተከታትለው በ2008 በወጣው ውጤት የመርሳት በሽታን አልከለከለም።

ቡናችንስ?

ይህን ክፍል ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። በ2018 ቶሮንቶ የሚገኘው ክሬምቢል ተቋም ተመራማሪዎች ሦስት ዓይነት ቡና ወስደው ሞከሩ፦ በደንብ የተቆላ፣ ለስለስ ብሎ የተቆላ፣ በደንብ ተቆልቶ ካፌይኑ የወጣለት። አሚሎይድ ቤታንና ታውን እንዳይቋጠሩ በማገድ የበለጡት ሁለቱ በደንብ የተቆሉት ናቸው። ካፌይኑ የወጣለትም ሠራ! ስለዚህ ካፌይኑ አይደለም። ቡና ሲቆላ የሚወለዱ ፌኒልኢንዴን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ የጠቆረ ቡናን መራራ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። ጥሬ ቡና ውስጥ የሉም። ቡናው ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ፣ ዘይቱ ወጥቶ ሲያብረቀርቅ፣ ያኔ ነው የሚፈጠሩት።

ግን ይህም ቱቦ ውስጥ ነው። በሰው በኩል ያለን ክትትል ነው። ፊንላንድ ውስጥ 1,409 ሰዎች ለ21 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ በጉልምስናቸው በቀን ከ3 እስከ 5 ስኒ የሚጠጡት ከማይጠጡት ወይም ጥቂት ከሚጠጡት ይልቅ በ65 በመቶ ያነሰ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ቡናው ይሁን ከቡናው ጋር ያለው ኑሮ ክትትሉ ብቻውን አይለይልንም። ፓርኪንሰን የያዛቸው 121 ሰዎች ካፌይን ወይም ባዶ እንክብል ወስደው ሲነጻጸሩ ደግሞ እንቅስቃሴያቸው እንዳልተሻሻለ በ2017 ተጽፏል። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ቡና የምትጠጡ ከሆነ በደስታ ጠጡ፤ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ፣ ከምሳ በፊት። ስኳሩን ቀንሱ። ማታ ግን ተዉት፤ እንቅልፍ ሲጎድል አሚሎይድ ይጨምራል፤ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ብቻ እንኳ 20 ሰዎች ላይ ይህን እንዳሳየ በ2018 ተጽፏል። የማትጠጡ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ብላችሁ አትጀምሩ። ልብ የሚመታበት፣ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ወጥ ቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ

እርድን ሥሩን ግዙ። ከቴፒ አካባቢ የሚመጣ ደረቅ ሥር ገበያ ላይ ታገኛላችሁ። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዐይናችሁ እያየ አስፈጩት። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ ባንግላዴሽ ውስጥ እርዱ ይበልጥ ቢጫ እንዲሆን እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ክሮሜት የሚሉት ቢጫ ቀለም ሲጨመርበት ተገኝቷል፣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2019 አጋልጠውታል። እርሳስ ደግሞ የአንጎል ጠላት ነው። ለአንጎል ብላችሁ የገዛችሁት ነገር አንጎል እንዳይጎዳ የተፈጨና ከልክ በላይ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ዱቄት ተጠራጠሩ።

ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ሽንኩርቱን በዘይት ስታቁላሉ እዚያው ላይ ጣል አድርጉት፤ እናቶቻችን ድሮም የሚያደርጉት እንዲሁ ነው። ትንሽ ቁንዶ በርበሬ መጨረሻ ላይ። የምግብ ያህል ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። እርድን በሙቅ ውሃ በጥብጦ በባዶ ሆድ መጠጣት ግን ጥቅሙ አይታየኝም፤ ቃር ያለበትን ሰው ያሠቃያል።

የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላና ጦስኝ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ ሮዝማሪኒክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። እሱም በቱቦ ውስጥ አሚሎይድን ያግዳል። ጦስኝን ሻይ አድርጉት። ሌላ ጥቅም ባይሰጣችሁ ስኳር የበዛበትን ለስላሳ ይተካላችኋል። አረንጓዴ ሻይ የምትወዱ ከሆነ ከምግብ ጋር ሳይሆን በምግብ መካከል ባለው ሰዓት ጠጡት፤ ከምግብ ላይ የምናገኘውን አይረን ስለሚይዘው ደም ማነስ ላለበት ሰው ይህ ቁም ነገር ነው።

ከዚህ በላይ ወጥ ቤት ላይ መጨነቅ አያስፈልግም። ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ አሣ፣ ጨው ቀነስ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመኑን አይተወውም፤ ግን ከሳምንት ሳምንት መጠኑን አይቀያይር፤ ጎመን ውስጥ ያለው ቪታሚን ኬ ዋርፋሪኑን ያዳክመዋልና።

ብልቃጥ ሲመጣላችሁ

ያመጣውን ሰው አታሳፍሩት። ተቀበሉት፣ አመስግኑ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ አንድ ወረቀት አውጡ።

በወረቀቱ ላይ አባታችሁ ወይም እናታችሁ የሚወስዱትን ሁሉ ጻፉ። የታዘዘውን ብቻ አይደለም፤ የራስ ምታት ክኒኑን፣ ጎረቤት ያቀመሰችውን ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ሁሉንም። ሰዎች ዕፅዋትን «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባሉ አይቆጥሩትም፤ ስለዚህ ፌስታሉን ራሱ ጠረጴዛ ላይ ገልብጣችሁ እያያችሁ ጻፉ። ከብልቃጡ ጀርባ ደግሞ እያንዳንዱን ስምና ሚሊግራም ገልብጡ። «ልዩ ቅልቅል» ብሎ መጠኑን የማይናገር ከሆነ እዚያው ላይ ነገሩ አልቋል፤ አትስጡ።

እነዚህ ካሉ ደግሞ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳያይ አንድም እንክብል እንዳትሰጡ፦ ዋርፋሪን፣ አስፕሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ክሎፒዶግሬል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የጉበት ሕመም፣ የሐሞት ጠጠር፣ ቀጠሮ የተያዘለት ኦፕሬሽን። ኒውዚላንድ ውስጥ በ2018 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ስለ አንድ ታካሚ አስጠንቅቆ ነበር፤ ዋርፋሪኑ ተስተካክሎ ይኖር የነበረ ሰው የእርድ እንክብል በጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ደሙ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ቀጥኖ ተገኘ። ይህን ሳነብ የእናቴ መፋቂያ ነው የታየኝ። ጣሊያን ውስጥም በ2019 የእርድ እንክብል ከወሰዱ ሰዎች መካከል ጉበታቸው የተቆጣ ተመዝግበዋል። ዐይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ቆዳ ካሳከከ፣ ምክንያት የሌለው ብላዝ ከታየ እንክብሉን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። እንክብሉ መጣ ብላችሁ የታዘዘውን መድኃኒት እንዳታቆሙ። «ተፈጥሯዊው ይበልጣል» የሚለው ወሬ ይህን ያስደርጋል። ከተክል የወጣ እውነተኛ የአልዛይመር መድኃኒት እኮ አለ፤ ጋላንታሚን ይባላል። ቡልጋሪያ ውስጥ በ1950ዎቹ በረዶ ሥር ከምትበቅል ትንሽ ነጭ አበባ ተነሥቶ ተጠንቶ፣ በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ቋጠሮውን አይፈታም፤ የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩበትን ኬሚካል እንዳይፈርስ በማድረግ ለጊዜው ያግዛል። ወደ መድኃኒትነት የደረሰው ግን መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱ ተጽፎ፣ በብዙ ሰው ላይ ተሞክሮ ነው።

ቋጠሮውን ራሱን የሚያነሳ መድኃኒትም መጥቷል። ሌካኔማብ በ1,795 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘገየ፤ በ2023 አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ሰጠችው። በሙከራው ላይ በደም ሥር በየሁለት ሳምንቱ ነበር የተሰጠው፤ አንጎል ሊያሳብጥና ሊያደማ ስለሚችል ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው አስጊ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ እየጠየቃችሁ ስለሆነ ነው የማነሳው፤ የሚሠራው ገና ጅማሬ ላይ ላለ ሰው ነው። ቋጠሮን ማጥቃት ትርጉም እንዳለው ግን አሳይቷል፤ የዕፅዋቱ ምርምርም የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ2022 ኢጂሲጂ የታው ቋጠሮ ላይ የት ቦታ እንደሚቀመጥ በዐይን አይተው፣ ያንን ቦታ ይዘው የተሻለ ወደ አንጎል የሚገባ ሌላ ሞለኪውል መፈለግ ጀምረዋል። ሻዩ ቦታውን አሳየ፤ መድኃኒቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ምርመራው

ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ መሰለኝ። የሚረሳ ሰው ሁሉ አልዛይመር የለበትም። ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስድ ወይም የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምስ ሰው ቪታሚን ቢ 12 ሊያንሰው ይችላል፤ ያ ያስረሳል፣ በመርፌ ወይም በክኒን ይታከማል። የእንቅርት ሆርሞን ሲያንስ ያስረሳል። ድብርት ያስረሳል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ድብርትን «ደክሞኝ ነው» ነው የሚሉት። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ የድብርት መድኃኒት፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ የሚያስተኛ የጉንፋን መድኃኒት ያደናግራል። ጭንቅላቱን መትቶት የነበረ፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ውስጥ ውስጡን ደም ሊቋጥር ይችላል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የተምታታበት አረጋዊ ኢንፌክሽን ሊኖረው ስለሚችል ነገ አትበሉ።

እናቴ ስትመረመር ቢ 12 አንሷት ተገኘ። ስንት ዓመት ሜትፎርሚን ወስዳለች፣ ማንም አልለካላትም ነበር። መርፌውን ስትጀምር ድካሙ ቀነሰ፣ ጥያቄ መደጋገሙም ትንሽ ቀለል አለ። ሁሉም አልተመለሰም። ግን ከሦስቱ ብልቃጥ ይልቅ ያ መርፌ ጠቅሟታል። ጆሮዋም ደክሞ ነበር፤ «ረሳች» የምንላት ግማሹን መጀመሪያውኑ አልሰማችውም።

በ2024 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት 14 ነገሮችን ቆጥሮ፣ እነሱን በመከላከል ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል። የጆሮ መድከም አንዱ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ ብቸኝነት፣ የዐይን መድከም፣ አለመንቀሳቀስ አሉበት።

አክስቴ ዘንድሮም ልትመጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውላ «ለእህቴ ምን ላምጣላት?» አለችኝ። የደም ግፊት መለኪያና የጆሮ ማዳመጫዋን ባትሪ አልኳት። ቁጥሩን ከባትሪው ላይ አንብቤ ጻፍኩላት።